39 ዓመት፣ 39 ነጥብ

ብላክፑል በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ ፊቷን ወደ አይሪሽ ባሕር አዙራ የተቀመጠች የመዝናኛ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 የተመረቀው የብረት ማማዋ ከሩቅ ይታያል (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። ትራሟ ባሕሩን ታክኮ ይመላለሳል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ጎዳናዋ በቀለማት አምፖል ይንቆጠቆጣል። የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ የዓመት ፈቃዱን ይዞ ወደዚች ከተማ በሚጎርፍበት ዘመን ክለቧም ስመ ጥር ነበር። በ1953 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በቦልተን 3ለ1 ሲመራ ቆይቶ 4ለ3 አሸንፏል። ሦስቱን ጎል ያገባው ስታን ሞርተንሰን ቢሆንም የ38 ዓመቱ የክንፍ ተጫዋች ስታንሊ ማቲውስ ያን ቀን ያሳየው ጥበብ እንዲህ ስለነበር ጨዋታው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል።

ከዚያ ወዲያ የከተማዋም የክለቧም ጀንበር አዘቀዘቀች። እንግሊዛዊው ዕረፍቱን በአውሮፕላን ወደ ስፔን ሄዶ ማሳለፍ ለመደ፤ ክለቡም በ1971 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወረደ። መውረዱ በዚያ አላበቃም፤ አሥር ዓመት ቆይቶ አራተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ተገኘ። ብርቱካናማውን ማሊያ አይተው ክለቡን «መንደሪኖቹ» ብለው የሚጠሩት ልጆች፣ አባቶቻቸው ስለ ማቲውስ ሲያወሩ እየሰሙ፣ እነሱ ግን ጥቂት ሺህ ሰው በሚገባበት ሜዳ ዝናብ እየመታቸው አደጉ።

በሜይ 2009 ክለቡ ኢያን ሆሎዌይን አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። ሆሎዌይ የብሪስቶል ልጅ ነው፤ ሲናገር ሰው የሚያስቅ፣ ሲናደድም የማይደብቅ። ነገር ግን በዚያ ወቅት ስሙ አልቆ ነበር። በ2008 ሌስተር ሲቲ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሦስተኛው እርከን የወረደው በእሱ እጅ ነው። አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ስለ እግር ኳስ የነበረውን አስተሳሰብ ከሥሩ መረመረ፤ ወደ ብላክፑል ሲመጣ ቡድኔ ያጠቃል የሚል አንድ ቁርጥ ያለ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ፣ ወደፊት የሚሮጡ የመስመር ተከላካዮች፤ ያለው ኃይል ሁሉ ወደፊት። ከግላስጎው ሬንጀርስ በ500 ሺህ ፓውንድ የተገዛው ቻርሊ አዳም የዚህ አጨዋወት ልብ ሆነ። አዳም ፈጣን አልነበረም፤ በግራ እግሩ ግን 50 ሜትር ርቆ የሚሮጥ ጓደኛውን ደረት ላይ ኳስ ያሳርፍለታል።

በሁለተኛው እርከን፣ በ2009/10 ቻምፒዮንሺፕ፣ ቡድኑ በ70 ነጥብ ስድስተኛ ሆኖ፣ ስዋንሲን በአንዲት ነጥብ ቀድሞ፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ በሚያሳልፈው ፕሌይ ኦፍ የመጨረሻዋን ቦታ ያዘ። በግማሽ ፍጻሜው ኖቲንግሃም ፎረስትን በሜዳው 2ለ1፣ በኖቲንግሃም 4ለ3 አሸነፈ። ሜይ 22 ቀን 2010 ዌምብሌይ በፀሐይ ይጋይ ነበር። 82,244 ተመልካች ፊት ካርዲፍ ሁለት ጊዜ መራ፤ ብላክፑል ሁለት ጊዜ አቻ አደረገ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያበቃ ሲል ብሬት ኦርሜሮድ ሦስተኛውን አስቆጠረ። ሁለተኛው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ፤ 3ለ2። 39 ዓመት የተጠበቀው ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ መጣ።

የመጣው ግን ዝግጁ ያልነበረ ክለብ ላይ ነው። ብሉምፊልድ ሮድ ከ16 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሰው የሚይዝ ሜዳ ሲሆን አንደኛው ወገን ተመልካች መቀመጫ ገና በሥራ ላይ ነበር። ለመጀመሪያው ጨዋታ ስላልደረሰ ከዊጋን ጋር በሜዳው ሊያደርግ የነበረው ግጥሚያ ተገልብጦ በዊጋን ሜዳ እንዲሆን ተደረገ። ተጫዋችም አልበቃም ነበር። ሊጉ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ነው ማርሎን ሄርውድ፣ ክሬግ ካትካርት፣ ኤሊዮት ግራንዳን አንድ በአንድ እየፈረሙ የገቡት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገራችን ሰው፤ ያን ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ የነበረውም ግምት ከዚህ የተለየ አልነበረም። የእግር ኳስ ጸሐፊው ሁሉ፣ አወራራጁ ሁሉ፣ ብላክፑልን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ደርቢ ካውንቲ በጠቅላላ የውድድር ዘመኑ 11 ነጥብ ብቻ ሰብስቦ መውረዱ ስለማይረሳ፣ ብላክፑል ከዚያም ያንስ ይሆናል ያሉ ነበሩ።

ኦገስት 14 ቀን 2010 ዊጋን ላይ የሆነውን ሰው ዓይኑን እያሸ ነው ያየው። በ16ኛው ደቂቃ ጋሪ ቴይለር-ፍሌቸር የክለቡን የመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ጎል አገባ። ከቀናት በፊት የፈረመው ሄርውድ ከዕረፍት በፊት ሁለት ጨመረ። ተከላካዩ አሌክስ ባፕቲስት አራተኛውን አከለበት። 4ለ0! ያን ዕለት ማምሻውን ቼልሲ ዌስት ብሮምን 6ለ0 እስኪያሸንፍ ድረስ የፕሪሚየር ሊጉ የውጤት ሰንጠረዥ አናት ላይ የተጻፈው ስም ብላክፑል ነበር። ጥቂት ሰዓታት ብቻ ናቸው። ግን በአራተኛው ዲቪዚዮን ዘመን ያን ክለብ ሲከተል ለነበረ ሰው ጥቂት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

በሳምንቱ አርሰናል አስታወሳቸው። ኢያን ኢቫት በ31ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፣ ቲዮ ዋልኮት ሃትሪክ ሠራ፣ 6ለ0 አለቀ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ከዚያ በኋላ አምስት ተከላካይ ደርድሮ በሩን ይዘጋ ነበር። ሆሎዌይ አሰላለፉን አልነካም። ከፉልሃም ጋር 2ለ2 ተለያዩ፤ ቀጥለው ኒውካስል ሄደው በአዳም ፍጹም ቅጣት ምትና ከሌስተር በመጣው ዲጄ ካምቤል ጎል 2ለ0 አሸነፉ። ቼልሲ በስታምፎርድ ብሪጅ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ አራት አገባባቸው፤ ከዕረፍት ሲመለሱ ግን እንደ ተሸነፈ ሰው አልነበሩም፣ ማጥቃታቸውን ቀጠሉ። በብላክበርን ደግሞ በሜዳቸው በባከነ ሰዓት በተቆጠረ ጎል 2ለ1 ተሸነፉ። በእነዚህ ሳምንታት የቡድኑ ባሕርይ ተገለጠ፤ ብላክፑል ባለበት ጨዋታ ጎል አይጠፋም። በየትኛው መረብ እንደሚበዛ ነው የማይታወቀው።

ኦክቶበር 3 ቀን ወደ አንፊልድ ሄዱ። የዚያን ጊዜው ሊቨርፑል የታመመ ነበር፤ ደጋፊው በአሜሪካውያን ባለቤቶቹ ላይ ተነሥቷል፣ ሮይ ሆጅሰን የሚያሠለጥነው ቡድን ነጥብ አጥቷል፣ ፈርናንዶ ቶሬስ ደግሞ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ተጎድቶ ወጣ። ቢሆንም አንፊልድ አንፊልድ ነው። በ29ኛው ደቂቃ አዳም ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል ከደርቢ በውሰት የመጣው ሉክ ቫርኒ ሁለተኛውን ጨመረ። ሶቲሪዮስ ኪርጊያኮስ ከዕረፍት መልስ አንዱን ሲመልስ ቀሪው 40 ደቂቃ ገደማ እንደ ዓመት ረዘመባቸው። ግን ያዙት። 2ለ1። ጨዋታው ሲያልቅ ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረው ሊቨርፑል ነው። ብርቱካናማ የለበሱት ከስታዲየሙ ጥግ ሆነው ሲዘምሩ፣ የሜዳው ባለቤት ደጋፊዎች ለእነሱ ሲያጨበጭቡ ታየ።

በሜዳቸው ለማሸነፍ ግን እስከ ኖቬምበር 1 ቆዩ፤ ሁለት ሰው በቀይ የወጣበትን ዌስት ብሮምን 2ለ1 ረቱ። አምስት ቀን ቆይቶ ከኤቨርተን ጋር 2ለ2 ሆነ።

ከዚያ የአስቶን ቪላው ጉዳይ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፤ ምክንያቱም የዚያን ክለብ አቅምና የአሰልጣኙን ልብ እንዲህ አጉልቶ ያሳየ ቀን የለም። በስምንት ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ ነበረ፤ ቅዳሜ ኤቨርተን፣ ረቡዕ ኖቬምበር 10 ቪላ፣ ቅዳሜ ዌስት ሃም። ሆሎዌይ ረቡዕ ለት ከቅዳሜው ቋሚ አሰላለፍ አንድ ሰው ብቻ አስቀርቶ አሥሩን ቀየረ። ደካማ ቡድን ይዞ ገባ ተባለ። ያ «ደካማ» ቡድን ግን ቪላ ፓርክ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት 2ለ2 ነበር። የጄምስ ኮሊንስ የጭንቅላት ጎል ነው በመጨረሻ 3ለ2 ያስሸነፈው። ፕሪሚየር ሊጉ ክለቡን 25 ሺህ ፓውንድ ቀጣው፤ ሆሎዌይ ከተቀጣን ሥራዬን እለቃለሁ እስከማለት ደርሶ ነበር። የእሱ ክርክር ቀላል ነው። በዚያው ዓመት ሊጉ እያንዳንዱ ክለብ 25 ተጫዋች እንዲያስመዘግብ የሚል ደንብ አውጥቷል፤ ተመዝግበው ከሆነ ሁሉም የእኔ ተጫዋቾች ናቸው፣ ማንን እንደማሰልፍ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አይችልም። እኔ የማየው በእሱ ዓይን ነው። ትልቅ ክለብ ስድስት ሰባት ሰው ሲቀይር ብልሃት ይባላል። ትንሽ ክለብ የደከሙ ልጆቹን ሲያሳርፍ ሊጉን ማዋረድ ተብሎ የሚቀጣበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ያረፉት ልጆች ቅዳሜ ዌስት ሃም ላይ ጎል ሳይገባባቸው 0ለ0 ወጡ፤ በሳምንቱም ዎልቭስን 2ለ1 አሸነፉ።

ዲሴምበር ብርዱን ይዞ መጣ። ከባሕሩ የሚነፍሰው ንፋስ ብሉምፊልድ ሮድን አቀዘቀዘው፤ ከሣሩ ሥር ማሞቂያ የሌለው ሜዳ እንደ ድንጋይ ደረቀ። የማንቸስተር ዩናይትድ ጨዋታ ተራዘመ፣ የቶተንሃም ተራዘመ፣ የሊቨርፑል ተራዘመ። ያን ጊዜ ዕረፍት መስሎ የታየው መዘዙ በኋላ ነው የመጣው። በመሀሉ ግን ከሜዳቸው ውጪ ወጥተው ስቶክን 1ለ0፣ ሰንደርላንድን 2ለ0 አሸነፉ። በሁለቱም ቀን ጎል ያገባው ካምቤል ነው። ግብ ጠባቂው ማት ጊልክስ በጉልበት ጉዳት ስለወጣ መረቡን የሚጠብቀው ጋናዊው ሪቻርድ ኪንግሰን ነበር፤ ሰንደርላንድ ላይ የኳስ ውርጅብኝ ሲወርድበት አንዱንም አላሳለፈም። አሮጌው ዓመት ሲሸኝ ብላክፑል በ17 ጨዋታ 25 ነጥብ ነበረው። ካሸነፋቸው ሰባት ጨዋታዎች አምስቱ በሰው ሜዳ የተገኙ ናቸው። በሰንጠረዡ የላይኛው አጋማሽ ተቀምጧል። የመውረድ ነገር የሚያነሣ አልነበረም።

ጃንዋሪ 12 ቀን 2011 የተራዘመው የሊቨርፑል ጨዋታ ደረሰ። ሆጅሰን ተሰናብቶ ኬኒ ዳልግሊሽ ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ሊቨርፑል ወንበር ተመልሷል፤ ይህ የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ነው። ቶሬስ በሦስተኛው ደቂቃ አገባ። ቴይለር-ፍሌቸር አቻ አደረገ፣ ካምቤል በ69ኛው ደቂቃ በጭንቅላት ጨመረ። እንደገና 2ለ1። ሊቨርፑልን በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ፣ በሜዳውም በሜዳቸውም! በ20 ጨዋታ 28 ነጥብ። በዚያ ምሽት ይህ ቡድን ይወርዳል ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም ነበር።

ከዚያች ምሽት በኋላ በቀሩት 18 ጨዋታዎች ያሸነፉት ሁለት ብቻ ነው።

መሰበሩ የት ጀመረ ቢባል፣ እኔ የማሳየው ጃንዋሪ 25 ቀን ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ በመጨረሻ ብሉምፊልድ ሮድ መጣ። ከዩናይትድ የተገዛው ካትካርት የቀድሞ ክለቡ ላይ በ15ኛው ደቂቃ ጎል አገባ፤ ካምቤል በ43ኛው ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱም ከአዳም የማዕዘን ምት የተነሡ ናቸው። በዕረፍት ሰዓት 2ለ0 እየመሩ ነበር። የዩናይትድ አሰልጣኝ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን የአዳም የማዕዘን ምት ብቻውን 10 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል ያሉት በዚያ ሰሞን ነው። ከዕረፍት በኋላ ሪያን ጊግስ ገባ፣ ሃቪዬር ሄርናንዴዝ ገባ። እስከ 72ኛው ደቂቃ 2ለ0 ቆየ። ከዚያ ዲሚታር ቤርባቶቭ አገባ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ሄርናንዴዝ አቻ አደረገ፤ ሊያልቅ ሲል ቤርባቶቭ ጨረሰው። በዚያ ሩብ ሰዓት ቢያንስ አቻውን ይዞ ለመውጣት ወደ ኋላ መሰብሰብ ይቻል ነበር። ብላክፑሎች 2ለ2 ሆነውም ሦስተኛ ጎል ፍለጋ ወደፊት ይሮጡ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚል ይኖራል። ግን ይኸው ድፍረት ነው አንፊልድ ላይ ያሸነፈው፤ ሰንደርላንድ ላይም ያሸነፈው። በደጉ ቀን እያመሰገኑ በክፉው ቀን መውቀስ ፍርድ አይሆንም።

ያ ወር በሌላም መንገድ ጎዳቸው። የዝውውር መስኮቱ እንደተከፈተ ሊቨርፑል አዳምን ጠየቀ፤ አዳም ራሱ በጽሑፍ ልሂድ አለ፤ ክለቡ እምቢ አለ። ጃንዋሪ 31፣ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ቶተንሃም መጣ፤ አልተሳካም። አዳም ቀረ፤ መጫወቱንም አልተወም፣ ዓመቱን በ12 የሊግ ጎል ጨርሶ ለእንግሊዝ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ታጭቷል። ነገር ግን በትንሽ ክለብ ውስጥ ሁሉ ነገር የሚሽከረከርበት ሰው ልቡ ደጃፍ ላይ ሲቆም ሌላውም ይሰማዋል። ጄምስ ቢቲ፣ አንዲ ሪድ፣ ሰርጌይ ኮርኒሌንኮ፣ ጄሰን ፓንቺን መጡ። ከመጡት ውስጥ ለቡድኑ የሚታይ ነገር ያበረከተው ፓንቺን ነው። ያረጀው ቡድን አልታደሰም፤ ገንዘብ ነበረ፣ ግን ወደ ሜዳ አልወረደም።

ፌብሩዋሪ ከዌስት ሃም 3ለ1 በመሸነፍ ጀመረ። በኤቨርተኑ ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሦስት ጎል አግብተው አምስት ተቆጠረባቸው፤ አራቱን ሉዊ ሳሃ ብቻውን። በረዶ ያራዘማቸው ጨዋታዎች አሁን ተደራርበው መጡ፣ እግሮች ከበዱ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን ብቻ አንድ ምሽት ብርሃን ሆነ፤ ከአንድ ሳምንት በፊት ሚላንን በሳን ሲሮ አሸንፎ የመጣው ቶተንሃም ብሉምፊልድ ሮድ ላይ 3ለ1 ተሸነፈ። ሦስተኛውን ያገባው ኦርሜሮድ ነው። ይህ ሰው በ1997 ብላክፑል ሲገባ ክለቡ በሦስተኛው እርከን ነበር፤ አብሮት ወደ አራተኛው ወርዷል፣ አብሮት ወጥቷል፣ ሄዶ ተመልሷል። በዚያች ጎል ለአንድ ክለብ በአራቱም እርከኖች ያገባ ተጫዋች ሆነ። ከዓመቱ ጎሎች አንዱን ምረጥ ብባል ከአንፊልዱ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ውድቀት ነው። ዎልቭስ 4ለ0፣ ቼልሲ 3ለ1። ብላክበርን ላይ አዳም ሁለት አግብቶ 2ለ0 እየመሩ በባከነ ሰዓት 2ለ2 ሆነ። ፉልሃም 3ለ0፣ አርሰናል 3ለ1፣ ከሁሉ የሚያመው ደግሞ በኦገስት 4ለ0 የረቱት ዊጋን በሜዳቸው 3ለ1። ኤፕሪል ሲያልቅ ከኒውካስል 1ለ1፣ ከስቶክ 0ለ0 ተለያይተው ወራጅ ቀጠናው አፋፍ ላይ ነበሩ። ሜይ 7 ቀን በቶተንሃሙ ኋይት ሃርት ሌን ላይ አዳም ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ ግብ ጠባቂው ጎሜዝ አዳነ። ኳሱ ከአካባቢው ሳይርቅ ጎሜዝ አዳምን ጠለፈ፤ ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት። አዳም እንደገና ቆመ፣ አሁን አገባ። ልብ ይሏል፣ የሳተ እግር ከደቂቃ በኋላ እዚያው ነጥብ ላይ ሲቆም! ሦስቱ ነጥብ በእጃቸው ነበር፤ ጀርሜይን ዴፎ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለቱን ወሰደባቸው።

ሜይ 14፣ የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ፣ ተጋጣሚ ቦልተን። ኬቨን ዴቪስ በስድስተኛው ደቂቃ አገባ። ካምቤል መለሰ፣ ፓንቺን ጨመረ፣ ቦልተን አቻ አደረገ፣ ካምቤል እንደገና፣ ዳንኤል ስተሪጅ እንደገና፤ በ63ኛው ደቂቃ አዳም። 4ለ3። ከማቲውስ ፍጻሜ 58 ዓመት በኋላ፣ ያው ተጋጣሚ፣ ያው ውጤት። ሽማግሌዎቹ ደጋፊዎች ያን ከሰዓት በኋላ በእንባ ነው የወጡት።

ሜይ 22 ቀን 2011፣ ልክ ዌምብሌይ ካሸነፉ ዓመት በሞላው ዕለት፣ የመጨረሻው ጨዋታ ሆነ። ዌስት ሃም አስቀድሞ ወርዷል። ብላክበርንና ዎልቭስ 40፣ በርሚንግሃም፣ ብላክፑልና ዊጋን 39 ነጥብ ይዘው፣ ከአምስቱ ሁለቱ ይወርዳሉ። ብላክፑል የሚጫወተው ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነው። ዩናይትድ 19ኛ ዋንጫውን አረጋግጧል፤ ከስድስት ቀን በኋላ ከባርሴሎና ጋር የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አለበት፤ ኤድዊን ቫን ደር ሳር ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ሜዳ ይሰለፋል፤ ዋንጫው ከጨዋታው በኋላ ይሰጣል። ዩናይትድ ቢዝናና የሚወቅሰው አልነበረም። አልተዝናናም፤ ፓርክ ጂ ሱንግ በ21ኛው ደቂቃ አገባ።

በ40ኛው ደቂቃ አዳም በቅጣት ምት አቻ አደረገ። ከዕረፍት መልስ፣ በ57ኛው ደቂቃ፣ ቴይለር-ፍሌቸር ከፓንቺን የተሻገረለትን አገባ። 2ለ1፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ በሻምፒዮኑ ላይ። ስታዲየሙ ጥግ ያለው ብርቱካናማ ሕዝብ አበደ። በሌሎቹ ሜዳዎች የነበረው ውጤት በዚያው ቢቆም ብላክፑል ይተርፋል። አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆየ።

በ62ኛው ደቂቃ አንደርሰን አቻ አደረገ። በ74ኛው ኢቫት፣ በአርሰናሉ ጨዋታ በቀይ ወጥቶ ዓመቱን የጀመረው ያው ኢቫት፣ የተሻገረ ኳስ ሊያወጣ ሲል በራሱ መረብ ላይ አሳረፈው። ተከላካይ ነው፣ መድረስ ነበረበት፤ ባይደርስም ከኋላው የቆመ ሰው ነበረ። ማይክል ኦወን በ81ኛው አራተኛውን አገባ። በሌላ ቦታ ሁጎ ሮዳዬጋ ስቶክ ላይ ዊጋንን አተረፈ። ዎልቭስ በብላክበርን 3ለ0 ሲመራ ቆይቶ ሁለት ጎል መለሰ፤ 3ለ2 ተሸንፎም ተረፈ። በርሚንግሃም በቶተንሃም ሜዳ በባከነ ሰዓት ጎል ተቆጥሮበት ከብላክፑል ጋር ወረደ። ብላክፑል 10 አሸነፈ፣ 9 አቻ ወጣ፣ 19 ተሸነፈ። 39 ነጥብ፤ 19ኛ ደረጃ፤ ከተረፈው ዎልቭስ በአንዲት ነጥብ አንሶ።

ያገባው ጎል 55 ነው። ከዚያው ሊግ አምስተኛ የወጣው ቶተንሃም ያገባውም 55 ነው። የተቆጠረበት 78፣ ከሃያው ክለብ ሁሉ የበዛ። ሁለቱን ቁጥር አብሮ ያየ ሰው ማጥቃቱ ጣላቸው ይላል። እኔ አልልም። በሩን ዘግተው ቢጫወቱ ኖሮ 28ቱ ነጥብም በጃንዋሪ አይኖርም ነበር፤ አንፊልድም፣ የኒውካስሉ ሴንት ጀምስ ፓርክም አይኖርም። የጣላቸው የተጫዋች ማነስ፣ የቀዘቀዘ ሜዳና በጃንዋሪ ያልተጠገነ ቡድን ነው።

የኦልድ ትራፎርዱ ፉጨት እንደተሰማ ተጫዋቾቹ ሣሩ ላይ ወደቁ። የዩናይትድ ሰዎች ዋንጫቸውን ሊያነሡ ሲሰናዱ ሆሎዌይ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ደጋፊው ወሰዳቸው። ከሽንፈት በኋላ የሚሰማው ዓይነት ዝማሬ አልነበረም የተሰማው።

በጁላይ አዳም ወደ ሊቨርፑል ሄደ። ዴቪድ ቮን ወደ ሰንደርላንድ፣ በ13 የሊግ ጎል የቡድኑ ከፍተኛ ጎል አግቢ የነበረው ካምቤል ወደ ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ሄዱ። ከፕሪሚየር ሊጉ የገባው ገንዘብ ግን ሜዳውንና ቡድኑን ሲገነባ አልታየም። በኖቬምበር 2017 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክለቡ ባለቤት የነበሩት የኦይስተን ቤተሰብ ሀብቱን አላግባብ ከክለቡ አውጥተዋል ብሎ፣ ለላትቪያዊው ባለአክሲዮን ቫሌሪ ቤሎኮን ከ31 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዲከፍሉ ፈረደ። እስከዚያ ድረስ ክለቡ ተመልሶ አራተኛው እርከን ድረስ ወርዶ ነበር፤ ደጋፊውም ትኬት አልገዛም ብሎ ከበሩ ውጪ ቆሞ ነበር።

ያ ሁሉ ግን ገና ሊመጣ ነው። ኦገስት 5 ቀን 2011፣ ዓርብ ማታ፣ ብላክፑል የቻምፒዮንሺፑን የመክፈቻ ጨዋታ ሊያደርግ ሃል ሄደ። ሆሎዌይ ወንበሩ ላይ ነው፤ አጥቂዎቹ ሦስት ናቸው። ብላክፑል 1ለ0 አሸነፈ። ያገባው ዊጋን ላይ የመጀመሪያዋን ያገባው ጋሪ ቴይለር-ፍሌቸር ነው።